የቦውሊንግ ኳስ የውጭ ሽፋንና የኳሱ አሄድ፦ ከደብረ ብርሃን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። የደብረ ብርሃን ነዋሪ የሆኑ ጠያቂ በአሜሪካ የሚኖሩ ወንድማቸው ሲጫወቱበት የቆዩትን የቦውሊንግ ኳስ (ፒን የተባሉ አሥር የቆሙ ጠርሙስ መሰል ዒላማዎችን ለመጣል በወለል ላይ እየተንከባለለ የሚወረወር ከባድ ኳስ) አምና እንደላኩላቸውና በወር አንድ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ እየሄዱ እንደሚጫወቱበት ገልጸው፣ «ከመጫወቻ ቤቱ የምዋሰው ኳስና የእኔው ኳስ ክብደታቸው እኩል 14 ፓውንድ ነው። የቤቱ ኳስ ግን እንደ ወረወርኩት ቀጥ ብሎ ሲሄድ፣ የእኔው ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄድ ወደ ግራ ይታጠፍና ፒኖቹ ጋ ሲደርስ ጉልበት ያጣል። ከቅርብ ወራት ወዲህ ደግሞ ዘይት በደንብ በተቀባ ቀን መታጠፉን ራሱ እየተወ መጥቷል። ወንድሜ ሌላ ልላክልህ ይላል፤ የትኛውን ዓይነት ልበለው?» ሲሉ ጠይቀዋል።

ዝርዝሩ ውስጥ ከመግባቴ በፊት ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ሁለቱን ኳሶች የሚለያያቸው የለበሱት ሽፋን ነው፤ ከሽፋኑም ውስጥ የተሠራበት ንጥረ ነገር አንድ ጉዳይ ሲሆን፣ የገጹ ሻካራነት ወይም ልስላሴ ደግሞ ሌላና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ሌላ ኳስ ከማስላክዎ በፊት ያለዎትን ኳስ ገጽ ማስተካከል ይቀድማል ባይ ነኝ። ይህን የምለው ለዓመታት በሰሜን አሜሪካ በአንድ የቦውሊንግ ኳስ መብሻና ማደሻ ቤት ሠርቼ ወደ አገሬ ከተመለስኩ በኋላ፣ እርስዎ የገጠመዎትን ችግር በራሴ ኳስም ስላየሁት ነው።

የኳሱን ጠባይ ለመረዳት ከወለሉ መጀመር ያስፈልጋል። ከመወርወሪያው መስመር እስከ ፊተኛው ፒን ያለው ርቀት 18.29 ሜትር ሲሆን የሌኑ፣ ማለትም ኳሱ የሚሄድበት ጠባብ ወለል፣ ስፋት 1.05 ሜትር ያህል ነው። ይህ ወለል ለዓይን አንድ ዓይነት ይምሰል እንጂ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ የመጀመሪያው 12 ሜትር ገደማ በስሱ ማዕድናዊ ዘይት ይቀባል፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ፒኖቹ ያለው ክፍል ደረቅ ሆኖ ይተዋል። ለአንድ ሙሉ ሌን የሚውለው ዘይት በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በቡና ሲኒ ቢለካ ግማሹን እንኳ አይሞላም። ይህቺ ጥቂት ዘይት ግን የምታመጣው ለውጥ ከባድ ነው፤ በኳሱና በወለሉ መካከል ያለው የሰበቃ መጠን ዘይት ባለበት ክፍል 0.04 አካባቢ ሲሆን በደረቁ ክፍል 0.20 አካባቢ ይደርሳል፣ ማለትም አምስት እጥፍ ይሆናል። ጣርማ በር ላይ ጉም ባረጠበው አስፋልት በጥንቃቄ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ሲወርድ ደረቅ መንገድ የሚያገኝ ሾፌር፣ ጎማው መንገዱን ሲይዝለት መሪው ላይ የሚሰማው ለውጥ አለ። ኳሱም ከዘይቱ ወደ ደረቁ ሲሻገር የሚሆነው ይኸው ነው።

ኳሱ ከእጅ ሲወጣ በሰከንድ 7.5 ሜትር ያህል ይሄዳል እንበል። ዙሪያው 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በዚህ ፍጥነት ምንም ሳይንሸራተት እየተንከባለለ እንዲሄድ በደቂቃ 650 ጊዜ ያህል መዞር ነበረበት። የብዙዎቻችን እጅ ግን 300 ዙር መስጠትም ይከብደዋል። በሚሄድበትና በሚዞርበት ፍጥነት መካከል ያለውን ይህን ክፍተት የሚሞላው ሰበቃ ነው፤ መሄዱን እያዘገየ መዞሩን እያፋጠነ ሁለቱን መሐል ላይ ያገናኛቸዋል። ስለዚህ ኳሱ በመጀመሪያ ይንሸራተታል፤ ቀጥሎ፣ ሲወረወር የተሰጠው ዙር ወደ ጎን ያዘነበለ ከሆነ፣ ሰበቃው ወደዚያው ጎን ይጎትተውና ይታጠፋል፤ በመጨረሻም መሄዱና መዞሩ ሲስማሙ መታጠፉን ያቆምና ቀጥ ብሎ ይንከባለላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስምሬ መናገር እፈልጋለሁ፦ ኳሱ ለመታጠፍ ያለው አቅም ከእጅዎ ሲወጣ ተወስኖ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ያንን አቅም የት ቦታ ላይ ያወጣዋል የሚለው ብቻ ነው። ይህንን ከሁሉም በላይ የሚወስነው ሽፋኑ ነው። ገና ዘይቱ ውስጥ ሳለ አቅሙን የጨረሰ ኳስ ፒኖቹ ጋ የሚደርሰው ዝሎና ተንከባሎ ነው፤ የእርስዎ ኳስ «ጉልበት ያጣል» ያሉት ይኸው ነው።

ሽፋኖቹን በየተራ ልመልከታቸው። ከመጫወቻ ቤቱ የሚዋሱት ኳስ በብዙ ቦታ እንደሚደረገው ከፖሊስተር፣ በተለምዶ ፕላስቲክ ከምንለው፣ የተሠራ ነው። ይህ ሽፋን ጠንካራ፣ የሚያብረቀርቅና ዘይት ፈጽሞ የማይመጥ በመሆኑ በዘይቱ ላይ ሰበቃ ሳያገኝ ያልፋል፣ ደረቁ ላይ ሲደርስም የሚያገኘው ጥቂት ነው። ቀጥ ማለቱ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ከእርሱ በፊት ለረጅም ዘመን ኳስ የሚሠራው ከእንጨት፣ ቀጥሎም ከጠንካራ ጎማ ነበር። ፕላስቲኩ ከመጣ በኋላ ተጫዋቾች ሽፋኑን በኬሚካል እየዘፈዘፉ ማለስለስ ጀመሩ፤ አሜሪካዊው ዶን ማክዩን እ.ኤ.አ. በ1973 የዓመቱ ምርጥ ባለሙያ ተጫዋች የሆነው በእንዲህ ዓይነት ኳስ ነበር። ዛሬ የኳስ ሽፋን ጥንካሬ ከተወሰነ ልክ በታች እንዳይወርድ የሚከለክለው ደንብ መነሻው ያ ዘመን ነው። ታሪኩን ያነሳሁት በሽፋን ላይ የተደረገ ትንሽ ለውጥ የኳሱን አሄድ እንዴት እንደሚገለብጠው ለማሳየት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ኤ.ኤም.ኤፍ. የተባለው ኩባንያ አንግል የተሰኘውን የዩሪቴን ኳስ ለገበያ አቀረበ። ዩሪቴን ከፕላስቲክ ይልቅ ወለሉን ይይዛል፤ ገና ዘይቱ ላይ እያለ በዝግታ መታጠፍ ይጀምርና እስከ መጨረሻው ድረስ ሳይደናገጥ ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይሄዳል። አሄዱ አስቀድሞ የሚታወቅ ስለሆነ ዘይቱ ባነሰ ወይም ባልተስተካከለ ወለል ላይ ብዙ ጥሩ ተጫዋቾች ዛሬም ይመርጡታል። ጉድለቱ ዘይት እምብዛም ስለማይመጥ ከፊተኛው ክፍል የነካውን ዘይት ተሸክሞ ደረቁ ላይ መዝራቱ ነው፤ ጨዋታው በገፋ ቁጥር ደረቅ ይሆናል ተብሎ የታሰበው ቦታ እየራሰ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ገበያውን የያዘው ሪአክቲቭ ሬዚን የሚባለው ሽፋን ነው፤ የወንድምዎ ኳስም ከገለጹት አሄድ ስነሣ ከዚህ ወገን መሆኑን አልጠራጠርም። ሪአክቲቭ በመሠረቱ ዩሪቴን ነው፤ ልዩነቱ ሲሠራ የሚጨመሩበት ማለስለሻ ንጥረ ነገሮች ሽፋኑ ሲደርቅ በዓይን የማይታዩ እልፍ ቀዳዳዎች ትተውበት መቅረታቸው ነው። ይህን ለእኛ ሰው ለማስረዳት ከሸክላ ምጣድ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። አዲስ ምጣድ ሲሟሽ ጎመን ዘር እየተደረገ ደጋግሞ ይታሻል፤ ሸክላው መጀመሪያ ላይ የተሰጠውን ቅባት ሁሉ እየጠጣ ስለሚደርቅ እንጀራው ይይዛል። ቀዳዳው ሞልቶ ሲጠግብ ግን ገጹ ይለሰልስና እንጀራው በቀላሉ ይነሣል። ሪአክቲቭ ኳስም ገና አዲስ ሳለ እንዳልተሟሸ ምጣድ ነው፤ የነካውን ዘይት ከገጹ ላይ እየመጠጠ ወደ ውስጥ ስለሚያስገባው ከወለሉ ጋር የሚገናኘው ደረቅ ገጽ ነው፣ ስለዚህም ይይዛል። ልዩነቱ ባለሙያዋ ምጣዱን የምታሟሸው እንዲለሰልስላት ሲሆን፣ ኳሱ ሲሟሽ ግን ባለቤቱ የሚከስር መሆኑ ብቻ ነው።

ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ሲጫወቱ ኳሱ ተመልሶ እንደመጣ ሳይጠርጉት ወደ መብራት ያዙሩትና ገጹን ይመልከቱ። ቀጫጭን የዘይት ቀለበቶች፣ አንዱ ከሌላው ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ እያሉ፣ በአንድ ቦታ ተጠጋግተው በሌላው እንደ ማራገቢያ ተከፍተው ያያሉ። ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ያልተደረቡት በኳሱ ውስጥ ያለው እምብርት፣ ማለትም ከሽፋኑ በታች የተቀበረው ከባድ ክፍል፣ ኳሱ በዞረ ቁጥር የሚዞርበትን ዘንግ ስለሚያዛውረው ነው፤ በዚህም ምክንያት በየዙሩ ወለሉን የሚነካው ዘይት ያልነካው ንጹሕ ገጽ ይሆናል። አሁን ኳሱን ሳይነኩ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ። በፕላስቲኩ ኳስ ላይ ዘይቱ እንዳለ ይቆያል፤ በሪአክቲቩ ላይ ግን ቀለበቶቹ እየደበዘዙ ሲሄዱ ይታያሉ። ሙከራውን በቤት ውስጥ በኑግ ወይም በሌላ የምግብ ዘይት እንዳይሠሩት አደራ እላለሁ፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ ይወፍርና ይጣበቃል፣ ከቀዳዳው ውስጥ ለማውጣትም አስቸጋሪ ነው።

ሪአክቲቭ ሽፋን ራሱ በሦስት ይከፈላል። ድፍን የሚባለው ምንም ያልተደባለቀበት ሲሆን ቀድሞ ወለሉን ይይዛል፣ ቅስቱም የተስተካከለ ነው። ፐርል የሚባለው ማይካ የተሰኘ የሚያብረቀርቅ ማዕድን ዱቄት የተደባለቀበት ሲሆን ዘይቱን ተንሸራቶ ያልፍና ደረቁ ላይ ሲደርስ በድንገት ይታጠፋል። ሃይብሪድ የሁለቱ ቅልቅል ነው። ከእነዚህ ሌላ ጥቃቅን ጠንካራ ብናኝ የተጨመረበት ፓርቲክል የሚባል ሽፋን አለ፤ ዘይት ለበዛበት ወለል የተሠራ በመሆኑ ለእርስዎ አያስፈልግም፣ አልፈዋለሁ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ገዥዎች ሁሉ የሽፋኑን ስም ይጠይቃሉ፤ ስለ እምብርቱ ቅርጽም ብዙ ይከራከራሉ። የጨዋታው ደንብ አውጪ የሆነው የዩናይትድ ስቴትስ ቦውሊንግ ኮንግረስ የኳስ እንቅስቃሴን ባጠናበት ጊዜ ግን የኳሱን አሄድ ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ ቀዳሚ ሆኖ የተገኘው የሽፋኑ የገጽ ሻካራነት፣ ማለትም በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩት ጥቃቅን ሾሎች ነበሩ። ሾሎቹ ስሱን የዘይት ንብርብር ወግተው አልፈው ወለሉን ስለሚነኩ፣ ሻካራ ኳስ ዘይቱ ላይ እያለም ሰበቃ ያገኛል። ለስላሳ ኳስ ግን በዘይቱ ላይ ይንሳፈፍና አቅሙን እስከ ደረቁ ድረስ ቆጥቦ ይሄዳል። ይህ ገጽ ደግሞ በብርጭቆ ወረቀት ወይም ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ስፖንጅ መሰል ማሻሻ ሊለወጥ የሚችል ነው። ማሻሻዎቹ በቁጥር ይለያሉ፤ 500 ሻካራ ሲሆን 1000፣ 2000፣ 4000 እያለ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ገጹ እየለሰለሰ ይሄዳል፤ ከዚያም በላይ ማብረቅረቂያ ፖሊሽ አለ። ኳስ ማደሻ ቤት ስሠራ ብዙ ደንበኞች ኳሳቸው «እንደሞተ» ነግረውኝ አዲስ ሊገዙ ሲሉ፣ የእኔ ሥራ ብዙ ጊዜ ያንኑ ኳስ በ2000 አሽቶ መልሶ መስጠት ነበር። ድፍን ሪአክቲቭ በፖሊሽ ሲብረቀረቅ እንደ ፐርል ይሄዳል፤ ፐርልም በ1000 ሲታሽ ወደ ድፍኑ ጠባይ ይጠጋል። በዚህ ምክንያት በስም ከሚደረገው ምርጫ ይልቅ ገጹን ማወቅ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አሁን የእርስዎን ኳስ በዚህ ዓይን ልይልዎ። ወንድምዎ የተጫወቱበት ቦታ ዘይቱ በየዕለቱ በማሽን የሚቀባና መጠኑም በርከት ያለ ከነበረ፣ ድፍንና ደብዛዛ ገጽ ያለው ኳስ ለዚያ የተመቸ ነው፤ ብዙ ዘይት ስላለ ሻካራነቱ አቅሙን ያለጊዜው አያስጨርሰውም። ዘይቱ ባነሰበት ወይም ከተቀባ በቆየበት ሌን ላይ ግን ያው ኳስ ከእጅዎ እንደወጣ ወለሉን ይይዛል፣ ግማሽ መንገድ ላይ ይታጠፋል፣ የቀረውን መንገድ ዝም ብሎ ይንከባለላል። ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ባለው አንግል ወደ ፒኖቹ መግባት ሲገባው ተንከባሎ የጨረሰ ኳስ ቀጥ ወዳለ መስመር ይመለስና ፒኖቹ ራሳቸው ወደ ጎን ይገፉታል። የቀኝ እጅ ተጫዋች ከሆኑ፣ ጥሩ የተመታ መስሎዎት ሳለ የቀኝ ዳሩ 10ኛ ፒን ብቻውን ቆሞ የሚቀርበት ጊዜ የሚበዛው በዚሁ ነው። መፍትሔው ኳሱን በ2000 ቀጥሎም በ4000 በውሃ እያራሱ ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ማሸትና በቀላሉ ፖሊሽ ማድረግ ነው። ማሽን ባይኖርም ኳሱን በባልዲ አፍ ላይ አስቀምጦ በእጅ መሥራት ይቻላል፤ አንዱን ጎን ሲጨርሱ እያገላበጡ፣ ለእያንዳንዱ ጎን እኩል ጊዜ ይስጡ። ለውጡ በመጀመሪያው ውርወራ ይታይዎታል።

ዘይት በበዛበት ቀን መታጠፉን መተዉ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ምጣዱ ተሟሽቷል። ቀዳዳዎቹ በዘይት ስለሞሉ አዲስ ዘይት የሚገባበት ቦታ የለም፤ ሾሎቹም በወለሉ እየተፋተጉ ደንዝዘዋል። ኳሱን ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላ በንጹሕ ደረቅ ማይክሮፋይበር ጨርቅ መጥረግ፣ ጨዋታው እንዳበቃም ሳይውል ሳያድር በአይሶፕሮፒል አልኮል ማጽዳት የሽፋኑን ዕድሜ ያራዝመዋል። በውድድር ጊዜ የሚፈቀደው ደረቅ ጨርቅ ብቻ ነው። ውስጥ ገብቶ የቆየውን ዘይት ለማውጣት የጣት ቀዳዳዎቹን ውሃ በማያስገባ ፕላስተር አሽጎ፣ እጅ በሚችለውና ከ55 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቅ ውሃ ከጥቂት የዕቃ ሳሙና ጋር ለ20 ደቂቃ መዘፍዘፍ ይቻላል፤ ዘይቱ ወዝ መስሎ ገጹ ላይ ሲወጣ ይጠረጋል። በምንም ምክንያት እሳት አጠገብ ወይም ምድጃ ውስጥ አያስገቡት።

ለወንድምዎ ምን ይበሉት ላሉት፦ ሁለተኛ ኳስ የሚልኩ ከሆነ ለእጅዎ ተለክቶ የሚበሳ የፕላስቲክ ኳስ ይላኩልዎ። አሁን ያለው ኳስ ቀዳዳ በእርሳቸው እጅ የተለካ መሆኑም ሳይታሰብ መታለፍ የለበትም፤ የሚጠብ ወይም የሚሰፋ ቀዳዳ አለቃቀቅን ስለሚያበላሽ የትኛውም ሽፋን አይክሰውም። ፕላስቲኩ የሚያስፈልገው በመጀመሪያው ውርወራ ያልወደቁትን ፒኖች፣ በተለይም ያን የዳር ፒን፣ ለመምታት ነው። የዘይቱ ሁኔታ ምንም ይሁን ምን ያው ቀጥ ያለ መስመር ይዞ ስለሚሄድ ስፔር በሚባለው በዚህ የሁለተኛ ውርወራ ምት ላይ የሚታመነው እርሱ ነው። በእኔ ግምት በወር ሁለት ጊዜ ለሚጫወት ሰው፣ ገጹ የለሰለሰ አንድ ሪአክቲቭና አንድ ፕላስቲክ ከበቂ በላይ ናቸው። ምናልባት ከዓመት በኋላ አሄዱ ይበልጥ የተረጋጋ ኳስ ካሻዎት ያኔ ዩሪቴን ያስቡ።

አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ቅር ይለኛል፤ ይህም የከተማችን ብርድ ነው። ሪአክቲቭ ሽፋን ከውስጡ ጋር እኩል አይሞቅም፣ እኩል አይቀዘቅዝም፤ ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ ሲደርስበት ይሰነጠቃል። ወደ ደብረ ብርሃን በተመለስኩበት ዓመት ኅዳር ወር ላይ፣ ውርጩ ሣሩን ማንጣት በጀመረበት ሰሞን፣ አመሻሽ ላይ ኳሴን ከላይ በነገርኩዎት መንገድ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ ካወጣሁት በኋላ እስኪደርቅ ብዬ ደጅ ሲሚንቶው ላይ አኖርኩት። ጨርቅ ላመጣ ወደ ቤት ስገባ እንጨት ሲሰነጠቅ የሚመስል አንድ ድምፅ ሰማሁ። ስመለስ ከአውራ ጣቱ ቀዳዳ ተነሥቶ እስከ ቀለበት ጣቱ ቀዳዳ የሚደርስ፣ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ አገኘሁ፤ በሳምንቱ ጥፍር የሚያስገባ ሆነ፣ ኳሱም ከዚያ በኋላ አልተወረወረም። ስለዚህ የእርስዎን ሲያጥቡ ውሃው ባልዲው ውስጥ እንዳለ ለብ እስኪል ይተዉት፤ ከዚያ አውጥተው ያድርቁና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ከመሬት ከፍ ባለ ቦታ፣ ሰው በሚያድርበት ክፍል ያስቀምጡት። ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱም ኳሱን ከማታው መኪና ውስጥ አያሳድሩት፤ ጠዋት ሲነሡ ይዘውት ይውጡ።